የታደሰ ካምቢዮ ሁለት እሽጎችና የዋስትናው ወረቀት

የከባድ መኪና ባለንብረት ከሚፈራቸው ወጪዎች አንዱ የካምቢዮ ወጪ ነው። ሞተር ሲደክም ያጨሳል፤ ጎማም ሲያልቅ በዓይን ይታያል። ካምቢዮ ግን ከውስጥ እየተበላ ሄዶ አንድ ቀን ማርሽ እምቢ ይላል። መኪናው ጭነቱን እንደያዘ ይቆማል፤ ሾፌርና ረዳትም ሥራ ፈትተው ይሰነብታሉ። የባንክ ዕዳ ግን መኪናው ቆመም ሄደም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ይህ አደጋ ይበልጥ የሚያሰጋው ከአስፋልት ወጥተው በፒስታ፣ በድንጋይ ካባና በአሸዋ ማውጫ የሚውሉትን ገልባጮች ነው።

አዲስ ካምቢዮ ገዝቶ መተካት ለብዙው ባለንብረት የሚሞከር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በዚሁ መጠን ከብዷል። ስለሆነም ያረጀውን ካምቢዮ አውርዶ፣ ፈትቶና አድሶ መመለስ፣ በጋራዥ ቋንቋ «ኦቨርሆል» ማድረግ፣ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ እየሆነ ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። የታደሰው ካምቢዮ በወሩ ዘይት ቢያፈስና ቢቃጠል ኪሳራው የማን ነው? ጋራዡ «ሾፌሩ ዘይት ሳያይ ነድቶ ነው» ይላል። ባለንብረቱ «ሥራው የውሸት ነበር» ይላል። መለዋወጫ ሻጩ ደግሞ «ዕቃው ኦርጅናል ነው፤ የገጠመው ሰው አበላሸው» ይላል። ሦስቱም ማስረጃ የላቸውም።

ይህ ጽሑፍ ለባለንብረቱም ለጋራዡም የሚጠቅም አንድ ነገር ለማስረዳት ይሞክራል። በአማርኛችን «ማሸግ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ያለው እንዳይወጣ፣ ሌላው የሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ መዝጋት ነው። ለታደሰ ካምቢዮ ሁለቱም እሽጎች ያስፈልጉታል። ሁለቱ በወጉ ካልተሠሩ ደግሞ «የስድስት ወር ጋራንቲ አለው» የሚባለው ቃል ከጋራዡ በር አያልፍም።

የመጀመሪያው እሽግ፦ ዘይቱን ማስቀረት

ካምቢዮ ውስጥ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች በዘይት ተነክረው ይሠራሉ። ከፍሪሲዮን በኩል የሚገባውና ወደ ኋላ ክሮቸራ የሚወጣው ሻፍት ከሳጥኑ በሚያልፉበት ቀዳዳ ላይ ዘይቱን የሚያግተው ኦይል ሲል ነው። ኦይል ሲል ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ የጎማ ከንፈር፣ ከከንፈሩ ጀርባ ደግሞ ከንፈሩን በሻፍቱ ላይ የሚያጠብቅ ቀጭን ሞላ አለው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ያ ስስ ከንፈር ነው።

ለዚህች ትንሽ ዕቃ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚያሻ በስሌት እንይ። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት ከ20 እስከ 30 ጠብታ ገደማ ይወጣዋል፤ 25 ብለን እንያዝ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ካምቢዮ በሰዓት 360 ጠብታ፣ ማለትም 14 ሚሊ ሊትር ገደማ ያፈሳል። በቀን 10 ሰዓት ከሠራ 144 ሚሊ ሊትር፣ በ30 ቀን ደግሞ ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል። ካምቢዮው 12 ሊትር የሚይዝ ከሆነ በአንድ ወር ሲሶው አለቀ ማለት ነው። ዘይቱ ሲጎድል የቀረው ይበልጥ ይግላል፤ ላይ ያሉት ኩሽኔታዎችም በቂ ዘይት አይደርሳቸውም። «ትንሽ ያላባል» ተብሎ የታለፈው ነገር የጥርሱን ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል።

አዲስ የተገጠመ ኦይል ሲል ለምን ያፈሳል?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሲሉ ላይ ይላከካል። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው ቢታይ ግን ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የተቦረቦረ ሻፍት ነው። ከንፈሩ ለዓመታት አቧራ ይዞ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር ብረቱን ቀለበት ሠርቶ ይበላዋል። ጥፍር ሲያሻሹበት የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ አዲሱ ሲል እዚያው ጉድጓድ ላይ ስለሚያርፍ አይዘጋም። መፍትሔው ሦስት ነው፦ የሻፍቱን ጫፍ ወይም ፍላንጁን መለወጥ፣ ቦታ ከፈቀደ ሲሉን ጥቂት ገፋ ወይም ወጣ አድርጎ ከንፈሩን ያልተበላ ብረት ላይ ማሳረፍ፣ ወይም ስስ የብረት ቀለበት በላዩ ማልበስ። የስዊድኑ ኤስ ኬ ኤፍ ለዚህ ሥራ የሚያመርተው «ስፒዲ ስሊቭ» ውፍረቱ 0.28 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የሲሉን ቁጥር መለወጥ ሳያስፈልግ ይገጠማል።

ሁለተኛ፣ የቶርኖ ሥራ ነው። የተበላውን ሻፍት ብረት ሞልቶ በቶርኖ ማስተካከል በአገራችን የተለመደ ነው። ነገር ግን የቶርኖ ቢላ በሻፍቱ ላይ ሲሄድ ዓይን የማያየው የቡሎን ጥርስ የመሰለ ጠመዝማዛ መስመር ይተዋል። ሻፍቱ ሲዞር ይህ መስመር እንደ ፓምፕ ሆኖ ዘይቱን በከንፈሩ ሥር ወደ ውጭ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ በመፍጫ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ወደ ጎን ሳይሄድ መሠራት አለበት። የጀርመኑ ዲን 3760 ደረጃ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሚፈልገው ልስላሴ ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮ ሜትር ነው። እንደ መስተዋት የለሰለሰም ጥሩ አይደለም፤ ከንፈሩን የሚያረጥብ ስስ ዘይት አይይዝምና።

ሦስተኛ፣ የሚወዛወዝ ሻፍት ነው። ኩሽኔታው አሮጌ ከሆነ ወይም ክፍተቱ በልክ ካልተስተካከለ ሻፍቱ መሐሉን ይስታል። ከንፈሩም በአንድ በኩል ይጨፈለቃል፣ በሌላ በኩል ይከፈታል። ኩሽኔታውን ትቶ ሲል ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አራተኛ፣ የማይስማማ ዕቃ ነው። በብዛት የሚገኘው ናይትራይል የሚባለው ጎማ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል። ቫይቶን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ደግሞ እስከ 200 ገደማ ይቋቋማል። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሲወርድና ሲወጣ ለሚውል ገልባጭ የዋጋውን ልዩነት መክፈል ያዋጣል። በቀለም ብቻ ግን መለየት አይቻልም፤ መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሲል የማዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለበት። የግራውን በቀኝ የገጠመ ሰው ዘይት የሚያወጣ ፓምፕ ገጠመ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው፣ የካምቢዮው መተንፈሻ ነው። በሳጥኑ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ በጭቃና በአቧራ ስትደፈን ውስጡ ያለው አየር መውጫ ያጣል። ካምቢዮ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲግል የታፈነው አየር ግፊት አንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር አለ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሚሊ ባር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 770 ይወርዳል። መተንፈሻው ተደፍኖ ከጂቡቲ ተነስቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና፣ ከሙቀቱ ሌላ ከፍታው ብቻ ወደ ሩብ ባር የሚጠጋ ግፊት በኦይል ሲሉ ላይ ሊጭንበት ይችላል። ተራ የካምቢዮ ሲል ለዚህ አልተሠራም፤ ከንፈሩ ይገለበጣል ወይም ያንጠባጥባል።

በተቃራኒውም የጋለ ካምቢዮ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሸበሸባል፤ ውኃም በከንፈሩና በመተንፈሻው ይሳባል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። ለዚህ ነው ለውኃና ለጭቃ በሚዘጋጁ የጭነት መኪናዎች ላይ መተንፈሻው በቱቦ ተስቦ ወደ ላይ ከፍ የሚደረገው። አንድ ሜትር ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ይህን ሥራ ለማንኛውም ገልባጭ ይሠራሉ።

ስለ ጓርኒሲዮንና ሲሊኮን ጥቂት ቃል

የሳጥኑ ሽፋኖች የሚገናኙበት ፊት ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። ዘይት ከነካው ሲሊኮን አይዝም። ሲበዛ ደግሞ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይገባና ተቆርሶ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳ ይዘጋል። ሲሊኮን ከአየር እርጥበት ወስዶ ስለሚደርቅ በወጉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። «ዛሬ ማታ ይውጣልኝ» የሚል ደንበኛ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ከመዶሻ ጋር የሚገጠም ኦይል ሲልም ቀለበቱ ይጣመማል። በልኩ የተቆረጠ ቧንቧ ወይም ማስገቢያ ተጠቅሞ ዙሪያውን እኩል መግፋት፣ ከንፈሩንም አስቀድሞ በዘይት ማራስ ይገባል።

ሁለተኛው እሽግ፦ የሌላ እጅ እንዳይገባ

ካምቢዮው ተገጥሞ ከወጣ በኋላ ምን እንደደረሰበት የሚናገር ምልክት ከሌለ ዋስትና መስጠትም ሆነ መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። የሽፋኖቹ ቡሎኖች ከጠበቁ በኋላ ከቡሎኑ ራስ ወደ ሳጥኑ የሚያልፍ የቀለም መስመር ይሰመርባቸዋል። ቡሎኑ ከተፈታ መስመሩ አይገጥምም። ቢያንስ ሁለት ቡሎኖችን በሽቦ አስሮ በቁጥር ባለው እርሳስ ማሸግ ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል።

ሆኖም የዘይት መሙያውና የዘይት ማውጫው መታሸግ የለባቸውም። እነሱን ያሸገ ጋራዥ ባለንብረቱን ዘይት እንዳያይ ከለከለ ማለት ነው፤ ኋላም «ዘይት አላየህም» ሊለው አይችልም። እሽጉ የሚጠብቀው ውስጡን እንጂ ደንበኛው ሊፈትሸው የሚገባውን አይደለም።

ካምቢዮው ከመዘጋቱ በፊትም በስልክ ጥቂት ፎቶግራፎች ይነሱ፦ ሻፍቱ ሲል የሚያርፍበት ቦታ፣ የተለወጡት ኩሽኔታዎች ከነመጠቅለያቸው፣ የካምቢዮው ቁጥር፣ የተጸዳው መተንፈሻ። አሮጌው ዕቃም በከረጢት ሆኖ ለባለንብረቱ ይመለስ። ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ነገር ግን አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። መኪናውን ለንግድ የሚያሠራ ባለንብረት፣ በተለይም ድርጅት፣ በዚህ አዋጅ ላይ ተማምኖ መቀመጥ አይገባውም።

ለእሱ ዋናው መከታ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በእጁ ያለው ውል ነው። የታደሰ ካምቢዮ ከመደርደሪያ ከተገዛ ነገሩ ሽያጭ ነው። ሕጉ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ክሱን ደግሞ ካስታወቀበት ጊዜ አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። የባለንብረቱ የራሱ ካምቢዮ ተፈትቶ ከታደሰለት ግን ነገሩ ከቁጥር 2610 ጀምሮ የተጻፈው፣ ባለሙያው በራሱ ኃላፊነት አንድን ሥራ ሠርቶ ውጤቱን ለማስረከብ የሚገባው ውል ነው። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ «ሽያጭ» ወይም «እድሳት» ተብሎ መጻፉ ተራ ነገር አይደለም።

በሁለቱም ዓይነት ውል የሚበጀው አንድ ነው፤ ጉድለቱን በታየበት ቀን ማስታወቅ። ማስታወቂያውም በስልክ ንግግር ብቻ ሳይሆን በጽሑፍና በፎቶግራፍ ይሁን።

የዋስትናው ወረቀት ምን ይያዝ?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ለምሳሌ ያህል ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጋራዥ የገልባጭ ካምቢዮ አድሶ አስረከበ እንበል። ገልባጩ ከአዲስ አበባ ርቆ ካባ ላይ ይውላል፤ ባለንብረቱም ሳምንት ሙሉ አያየውም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቢያንስ የሚከተሉት ቢሰፍሩ ሁለቱም ይድናሉ።

1ኛ. የመኪናው ሰሌዳ፣ የካምቢዮው ዓይነትና ቁጥር፣ የእሽጎቹ ቁጥር፣ የተለወጡት ዕቃዎች ዝርዝር።

2ኛ. የዋስትናው ዘመን በወርና በሥራ ሰዓት። በካባ ውስጥ አጭር ርቀት ሲመላለስ የሚውል ገልባጭ በኪሎ ሜትር ጥቂት ሄዶ በሰዓት ብዙ ይሠራል፤ ኪሎ ሜትር ብቻ የጻፈ ጋራዥ ራሱን ይጎዳል።

3ኛ. የተሞላው ዘይት ዓይነትና መጠን። አምራቹ ካዘዘው የተለየ ዘይት በኋላ የሞላ ሰው ዋስትናውን እንደሚያጣ ይገለጽ።

4ኛ. «ማፍሰስ» ማለት ምን እንደሆነ። ስስ እርጥበት ወይም ማላብ ለክትትል፣ ጠብታ ሠርቶ የሚወድቅ ግን ለነፃ ጥገና ተብሎ ይለይ።

5ኛ. የምርመራ ቀናት፦ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ፣ ከዚያም በየሳምንቱ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ሾፌሩ ልኩን አይቶ፣ መተንፈሻውን ጠርጎ ይፈርም። ለዚህ አንድ ደብተር ጋቢና ውስጥ ይኑር።

6ኛ. መኪናው ክፍለ ሀገር ቢቆም ማን ይሄዳል? የመካኒኩን መጓጓዣና የመኪናውን መጎተቻ የሚከፍለው ማን ነው? የቆመበት ቀን ገቢስ ይካሳል ወይስ አይካስም? አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ በግልጽ ይጻፍ።

7ኛ. ሲያፈስ ከታየ መኪናው ቆሞ ዘይቱ መሞላት እንዳለበትና እያፈሰ የተነዳበት ጉዳት የባለንብረቱ መሆኑ።

ስለ ፍሳሽ ምንጭም መጠንቀቅ ይገባል። ከፍሪሲዮን ቤት ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ከካምቢዮው የፊት ሲል ብቻ ሳይሆን ከሞተሩ የኋላ ሲልም ሊመጣ ይችላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድኝ የመሰለ የሚከረፍፍ ሽታ አለው። ይህን ሳይለዩ ካምቢዮ ማውረድ ለሁለቱም ወገን የከንቱ ወጪ ነው።

ዋስትና ዋጋ አለው

«ጋራንቲ በነፃ» የሚል ጋራዥ ወይ ራሱን ወይ ደንበኛውን ያታልላል። ለስሌት እንዲመች ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንያዝ። ጋራዡ በዓመት 24 ካምቢዮ ያድሳል። ሁለቱ በማፍሰስ ይመለሱበታል። አንዱ በጊዜ ስለተደረሰበት 45 ሺህ ብር፣ ሌላው ዘይቱ አልቆ ጥርስ ስለበላ 250 ሺህ ብር ያስወጣዋል። ድምሩ 295 ሺህ ብር ነው፤ ለ24 ሲካፈል በእያንዳንዱ ካምቢዮ ላይ 12 ሺህ 300 ብር ገደማ ያርፋል።

አሁን ጋራዡ ለስስ ቀለበት፣ ለተሻለ ሲል፣ ለመተንፈሻ ቱቦና ለእሽግ በየካምቢዮው 3 ሺህ ብር ጨመረ እንበል። የዓመቱ ወጪ 72 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ጥንቃቄ የመጀመሪያውን ብልሽት ባያስቀር እንኳ ሁለተኛውን ብቻ ቢያስቀር፣ ጠቅላላው 117 ሺህ ብር፣ በካምቢዮ 4 ሺህ 875 ብር ነው። ይህን በዋጋው ውስጥ አስገብቶ፣ ከየሥራው ለይቶ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ የጋራዡ ፈንታ ነው። ያን ያላደረገ ጋራዥ አንድ ከባድ ብልሽት ሲመለስበት ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ይከፍላል፤ ወይም ስልኩን ያጠፋል።

ባለንብረቱም የሁለት ጋራዦችን ዋጋ ሲያወዳድር የታችኛውን ቁጥር ብቻ አይመልከት። «ሻፍቱን አሳየኝ፤ መተንፈሻው የት ነው? እሽጉ ቁጥር አለው ወይ? ወረቀቱስ?» ብሎ ይጠይቅ። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ጋራዥ በ10 ሺህ ብር ቢረክስም ርካሽ አይደለም። መልስ ያለው ጋራዥ ደግሞ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ የሚሸጠው ካምቢዮ ብቻ ሳይሆን መኪናው ካባ ላይ ሳይቆም የሚውልበትን ቀን ጭምር ነውና።